ከሁለት አንዱን ምረጡ

ዶክተር ቻርልስ ብራድሌይን ያስጨነቃቸው የልጆች ራስ ምታት ነበር። በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ኢስት ፕሮቪደንስ ከተማ፣ ኤማ ፔንድልተን ብራድሌይ ሆም የሚባለውን የሕፃናት ሆስፒታል ይመሩ ነበር። ወደዚያ የሚገቡት ወላጅም መምህርም እንዴት እንደሚይዛቸው ግራ የገባው ልጆች ነበሩ። የልጆቹን አንጎል ለማየት በዘመኑ የነበረው ዘዴ ደግሞ ሲሰሙት ይዘገንናል፤ በጀርባቸው መርፌ ገብቶ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ይቀዳል፣ በቦታው አየር ይሞላል፣ ከዚያ ራጅ ይነሳል። ምርመራው ሲያበቃ ልጆቹ ጭንቅላታቸውን ይዘው ያቃስቱ ነበር።

ዶክተሩ ሕመሙ የመጣው ከፈሳሹ መጉደል ነው ብለው ገመቱ። እንግዲህ ሰውነት ፈሳሹን ቶሎ እንዲተካ የሚያነቃቃ ነገር ቢሰጣቸውስ? ቤንዝድሪን የሚባል አነቃቂ መድኃኒት በቅርቡ ገበያ ላይ ወጥቶ ነበርና እሱን አዘዙ። ራስ ምታቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ነገሩ ከሽፎ እዚያው ሊቀር ሲል የሆስፒታሉ መምህራን ወሬ ይዘው መጡ፤ ወሬው ስለ ራስ ምታት አልነበረም።

የሆስፒታሉ ስም የአንዲት ልጅ ስም ነበር። ኤማ የጆርጅና የሄለን ብራድሌይ አንድያ ልጅ ስትሆን በ7 ዓመቷ አንጎሏ በብግነት ተጎዳ። ከሞት ብትተርፍም የሚጥል በሽታና የአካልና የአእምሮ ጉዳት ዕድሜ ልኳን አልተለያት። ወላጆቿ ገንዘብ ነበራቸው፤ ልጃቸውን የሚያክምላቸው ቦታ ግን በገንዘብም አልተገኘም። እናም ሀብታቸው ለሌሎች ልጆች መታከሚያ እንዲውል ተናዝዘው አለፉ። በሩ የተከፈተው በ1931 ነው። ዶክተር ብራድሌይም የዚያው ቤተሰብ ዘመድ ነበሩ።

መምህራኑ ያዩት እንዲህ ነው። ወንበር ላይ መቀመጥ እንደ ቅጣት የሚሆንባቸው፣ አንዱን ጀምረው ሌላውን የሚያነሱ ልጆች መድኃኒቱን ከወሰዱ ወዲህ ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው መሥራት ጀምረዋል። ልጆቹ ራሳቸውም ልዩነቱን አውቀውት ክኒኑን «የሒሳብ ክኒን» እያሉ ይጠሩት ነበር። ዶክተሩ ግራ ገባቸው። የሚያነቃቃ መድኃኒት የሚቀዣቀዥን ልጅ ይብስ ማስፈንጠር አልነበረበትም? ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 ለሆነ 30 ልጆች ለአንድ ሳምንት ሰጥተው ተከታተሏቸው። 14ቱ በትምህርታቸው ለማመን የሚያስቸግር ለውጥ አሳዩ። መድኃኒቱ ሲቆም ግን ለውጡም አብሮ ቆመ። በ1937 ውጤቱ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መጽሔት ላይ ታተመ።

ከዚያ በኋላ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ዞር ብሎ ያየው አልነበረም ማለት ይቻላል። የልጅ ጠባይ መበላሸት ከአስተዳደግ ነው በሚባልበት ዘመን ክኒን ማን ይሰማል? ኋላ ላይ ኤዲኤችዲ የሚል ስም የተሰጠው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር አንደኛው የታሪካችን ክር ነው። ሁለተኛው ክር በሌላ አገር፣ አንዲት ሐኪም እናት ልጇን አቅፋ በተቀመጠችበት ባቡር ውስጥ ተጀመረ።

ሎርና ዊንግ እንግሊዛዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ ባለቤታቸው ጆንም እንዲሁ። ሴት ልጃቸው ሱዚ በ1956 ተወለደች። በዚያ ጉዞ ላይ አንዲት ሌላ እናት በዕድሜ ከሱዚ ጋር የሚቀራረብ ሕፃን ይዛ ተቀምጣለች። ሕፃኑ በመስኮቱ በኩል የሚያልፈውን ወደ ውጭ ይጠቁማል፣ ከዚያ ዞር ብሎ የእናቱን ፊት ያያል፤ አየሽ ወይ እንደማለት። ሎርና ወደ ሱዚ ተመለከቱ። ልጃቸው እንዲህ አድርጋ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ልብ አሉት፤ ሰውነታቸውም ቀዘቀዘ። የልጃቸው ችግር ስም ያገኘው ግን ኋላ ነው፤ ጆን ስለ ኦቲዝም የተሰጠ ንግግር ሰምተው የተነገረው ሁሉ የቤታቸው ታሪክ ሆኖ ሲያገኙት።

ኦቲዝምን በባልቲሞር ከተማ በ11 ልጆች ላይ አይተው በ1943 የጻፉት ሊዮ ካነር ነበሩ። በእሳቸው አገላለጽ ነገሩ እጅግ ብርቅ ነበር። ከዚያም ይባስ ብሎ ብዙ ሐኪሞች ጥፋቱን እናት ላይ ጣሉት፤ ፍቅሯ ስለቀዘቀዘ ልጁ ወደ ውስጡ ሸሸ ተባለ። በዚህ አባባል ስንት እናት ልጇንም ራሷንም ደብቃ እንደኖረች እግዚአብሔር ይወቀው።

ሎርና አልተደበቁም። በ1962 ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር አቋቋሙ። ኋላም ጁዲት ጉልድ ከምትባል ባልደረባቸው ጋር ካምበርዌል ወደሚባለው የለንደን ሰፈር ወጡ። በክሊኒክ ቁጭ ብሎ የመጣውን ልጅ ብቻ ማየት ትተው፣ ከ15 ዓመት በታች ከሆኑት 35,000 ገደማ የአካባቢው ልጆች መካከል እርዳታ የሚሹትን መፈለግ ያዙ። በ1979 ያሳተሙት ውጤት የካነርን ምስል ሰበረው። ካነር እንደገለጹት ያለ ልጅ ከ10,000 5 ቢሆን ነው፤ በማኅበራዊ ግንኙነት ተመሳሳይ ችግር ያለበት ልጅ ግን ከ10,000 21 ደረሰ። መልካቸውም አንድ አልነበረም። ከሰው የሚርቁ ነበሩ፣ ዝም ብለው የሚከተሉ ነበሩ፣ ደግሞም ወደ ሰው ሮጠው የሚሄዱ፣ የሚያወሩ፣ አቀራረባቸው ግን ግር የሚያሰኝ ነበሩ። ለካ ኦቲዝም አንድ ወጥ ምስል የለውም! ያ ከተረጋገጠ ደግሞ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሌላም ነገር ደርቦ ሊኖርበት አይችልም ያለው ማነው?

ማነው ቢባል፣ መጽሐፉ ነው።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሚያሳትመውና ብዙ አገር የሚጠቀምበት የምርመራ መመሪያ፣ ዲኤስኤም፣ በ1980 እትሙ ኦቲዝምንም የትኩረት ችግርንም በየራሳቸው ቦታ አስገባ። በ1987 ሲታረም ግን በመካከላቸው ግድግዳ ቆመ፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ኤዲኤችዲ አለበት ተብሎ እንዳይጻፍበት ተከለከለ። የ1994ቱ እትምም ግድግዳውን አጸናው። ምክንያቱ ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ቢቅበጠበጥ፣ ትኩረቱ ቢበተን፣ ያው የኦቲዝሙ አካል ነው የሚል ነበር።

ቤት ውስጥ ያለችው እናት የምታየው ግን ሌላ ነበር። ልጇ የትምህርት ቤቱ መንገድ ትንሽ ቢቀየር መሬት ላይ ወድቆ ይጮኻል፤ ነገር እንዳይለወጥ ይፈልጋል። ያው ልጅ የተለመደው ነገር ደግሞ ቶሎ ይሰለቸዋል፤ አዲስ ነገር ፍለጋ ይሮጣል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ የጫማውን አንድ እግር ብቻ አድርጎ ይጠፋል። ለአንዱ የሚረዳው ምክር ሌላውን ያባብሰዋል። በጥብቅ የተያዘ ሰዓት ያረጋጋዋል፤ ያው ሰዓት ያፍነዋል። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄድ መልሱ ከሁለት አንዱ ነበር። ኦቲዝም ከተባለ፣ መቅበጥበጡን ለብቻው ማከም አይታሰብም። ኤዲኤችዲ ከተባለ ደግሞ ኦቲዝሙ ከኋላ ይደበቃል። ይህ መደበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ኋላ ተለክቷል፤ በ2015 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ቀድሞ ኤዲኤችዲ የተባሉ ልጆች ኦቲዝማቸው የታወቀው ከሌሎቹ በአማካይ 3 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነበር።

እዚህ እኛ አገር ክርክሩ እዚያም ገና አልደረሰም ነበር። ልጇን ጠበል ለጠበል ይዛ የምትዞር እናት አንዱንም ስም አታገኝም፤ ጎረቤት «ቀዥቃዣ» ወይም «ያልተቀጣ» ይለዋል፣ አለቀ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ጆጆን የሚያስተናግድ ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ራሳቸው ከፈቱ። እንደ ብራድሌዮቹ፣ እንደ ሎርና፣ እዚህም በሩን የከፈተው ወላጅ ነው።

ግድግዳው በአንድ ቀን አልፈረሰም። በ2005 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የተከለከለውን ጥያቄ ጠየቁ፤ ኦቲዝምና መሰል ችግር ኖሮባቸው የሚቅበጠበጡ ልጆች የትኩረት መድኃኒት ቢሰጣቸውስ? 72 ልጆች ተመረጡ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 ነው፤ ልክ እንደ ዶክተር ብራድሌይ ልጆች። መድኃኒቱ የቤንዝድሪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሜቲልፌኒዴት ነበር። ግማሽ ያህሉ፣ 49 በመቶው፣ ተሻላቸው። ኤዲኤችዲ ብቻ ካለባቸው ልጆች ጋር ሲተያይ ይህ አነስተኛ ነው፤ 18 በመቶው ደግሞ ባስከተለባቸው ጉዳት፣ በተለይም በብስጭት፣ መድኃኒቱን አቋረጡ። ቢሆንም «አይሠራም» ማለት ከዚያ በኋላ አልተቻለም።

ቀጥሎ መንትዮች መጡ። በ2008 እንግሊዝ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ መንትያ ልጆችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ወደ ኦቲዝም የሚያዘነብሉ ጠባዮችና የትኩረት ችግሮች ከውርስ በኩል ብዙ የሚጋሩት ነገር እንዳለ አሳዩ። መጽሐፉ የለያያቸውን ሁለቱን፣ ዘር ከሥር አገናኝቷቸው ነበር።

በግንቦት 2013 አምስተኛው ዲኤስኤም ወጣ። ክልከላው አልነበረበትም። ከዚያ ወር ጀምሮ ሐኪም በአንድ ልጅ ስም ሥር ሁለቱንም መጻፍ ቻለ፤ ወላጅም ስለ ሁለቱም መጠየቅ ቻለ፤ የቱን አስቀድመን እንያዝ፣ መድኃኒቱን በምን ያህል ትንሽ መጠን እንጀምር፣ የቀኑን ሥርዓት ሳንበትን ለሩጫው ቦታ ከየት እናምጣለት? በ2021 ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲቆጠሩ፣ ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች 38.5 በመቶው ኤዲኤችዲም ነበረባቸው። በመጽሐፉ ሕግ ይህ ቁጥር ለ26 ዓመታት ዜሮ ነበር።