የማር እንጀራ በአውሮፕላን ውስጥ

እናቴ ሸክላ ድስት ከመግዛቷ በፊት በጣቷ ታንኳኳው ነበር። ድምፁ ጥርት ካለ ትገዛዋለች፤ ከታፈነ ተሰንጥቋል ብላ ትተወዋለች።

የአውሮፕላን ቴክኒሻኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ። አንዳንድ የአውሮፕላን ክፍሎች የሚሠሩት እንደ ሳንድዊች ነው፦ ከላይና ከታች ስስ የካርቦን ፋይበር፣ መሐሉ ደግሞ የማር እንጀራ የሚመስል፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ነገር። ይህ ሳንድዊች ቀላል ነው፤ በቀላሉም አይጎብጥም።

ድክመቱ ግን ምት ነው። ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ጉዳቱ ይታያል። በሳንድዊቹ ላይ መፍቻ ቢወድቅ ግን ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰባበር ይችላል። ስለዚህ ቴክኒሻኑ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል። የታፈነ ድምፅ ከሰማ በአልትራሳውንድ ይመረመራል።

መሣሪያ የጣለ ሠራተኛም ወዲያው መናገር አለበት። እሱ ዝም ካለ፣ ጉዳቱም በዝምታ ሊሰፋ ይችላል።