ናይቫሻ፦ ጎልፍ፣ ፍልውሃ እና ብዙ ሰው የማያየው ካርታ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም። ከቦሌ ናይሮቢ ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ሦስት አራት ቀን ዕረፍት ካላችሁና ትንሽ ካጠራቀማችሁ፣ ጎልፍም ስፓም አንድ ላይ የሚገኝበት ቅርብ ቦታ ናይቫሻ ነው። እንደኛው ዝዋይ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ሲሆን ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን እንዳትረሱ፣ ኤርፖርት ላይ ይጠየቃል።

ሪዞርት ስንይዝ አብዛኞቻችን ፎቶውን እንጂ ካርታውን አናይም። ባለ 18 ጉድጓዱ ግሬት ሪፍት ቫሊ ሎጅ ያለው ከሐይቁ በስተሰሜን፣ ኤቡሩ ተራራ ላይ ነው። ሄልስ ጌት ፓርክና የኦልካሪያ ፍልውሃ ደግሞ በስተደቡብ ናቸው። መሃሉ ውሃ ነው! ታክሲው ሐይቁን ዞሮ ነው የሚያደርሳችሁ፤ በየቀኑ ከተመላለሳችሁ ኪሳችሁን ይጎዳል። ስለዚህ የኛ ምክር ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ሰሜን አድራችሁ ጎልፉን ጨርሱ፣ ከዚያ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ተዛወሩ። በደቡቡ መንገድ ዳር ከድንኳን ጀምሮ ለየአቅሙ ማደሪያ አለ።

ጎልፉን ጠዋት ያዙት፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ አካባቢ ነፋስ ይነሳል። 18ቱን ለመጨረስ አራት ሰዓት ይፈጃል። ጀማሪ ከሆናችሁ ዘጠኙ ይበቃል፤ ዱላው ይከራያል፣ ጂንስ ለብሳችሁ ግን አትሂዱ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኬንያዊ በስዋሂሊ ሲያወራ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን እንደ ፈረንጅ። ስልካችሁ ላይ "8:00" የሚል ቀጠሮ ከመጣ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው።

ጀልባውም ጠዋት ነው የሚሻለው፣ ስለዚህ ለሌላ ቀን አድርጉት። ክረሰንት አይላንድ ላይ ከቀጭኔና ከሜዳ አህያ ጋር በእግር ትሄዳላችሁ።

ሄልስ ጌት ደግሞ በብስክሌት የሚገባበት ፓርክ ነው። ከዚያው ሳትወጡ ኦልካሪያ አለ፤ ከእንፋሎት ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት ቦታ ሲሆን፣ ሙቁ ውሃ ወደ ገንዳ ገብቶ ስፓ ሆኗል። ሶደሬን የሚያውቅ አይደነግጥም፣ ሽታው ግን ከበድ ይላል። የብር ጌጥ አውልቁ፣ ይጠቁራል። ገንዳው ፓርኩ ውስጥ ስለሆነ የፓርኩንም የገንዳውንም ትከፍላላችሁ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። የፓርኩ ክፍያ በኦንላይን ነው፣ በጥሬ ገንዘብ አትተማመኑ። ለውጭ ዜጋ ዋጋው ከኬንያዊው ከፍ ይላል።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። ፓርኩ ውስጥ ያለው ጠባብ ገደል ለፎቶ ያማልላል። እዚያ ውስጥ በ2012 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ድንገተኛ ጎርፍ ሰዎችን ገድሏል። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይኛው አገር ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ዝናብ ስለሆነ፣ በነዚህ ወራት ከሄዳችሁ ገደሉን ተዉት። በሌላ ጊዜም አስጎብኚው "ዛሬ አይገባም" ካለ አትከራከሩት።

ከኤርፖርት ለመውጣት ደግሞ የናይሮቢው ኤክስፕረስዌይ ከተማውን በፍጥነት ያሻግራችኋል። ከዚያ በኋላ ያለው የናኩሩ መንገድ በከባድ መኪና የተጨናነቀ ስለሆነ ማታ አትጓዙበት። መኪና ተከራይታችሁ ራሳችሁ ልትነዱ ካሰባችሁ፣ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው።