የፈረስ ማስታወቂያ ያደርሳል እንጂ አይሸጥም
በስልክ የሚቀርብ ፈረስ ዋጋ የሚያገኘው ሻጩ በሚጽፈው ዝርዝር ነው

የቁም እንስሳት ንግድ ወደ ስልክ ከገባ ሰንብቷል። በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ገጽና በዋትስአፕ ቡድን ከሚለጠፉት በሬዎች፣ ግመሎችና በጎች መካከል አልፎ አልፎ ፈረስም ይታያል። ችግሩ የፈረሱ ማስታወቂያ የሚጻፈው በበሬ ቋንቋ መሆኑ ነው፤ አንድ ፎቶ፣ «ጤነኛ፣ ያማረ» የሚል ቃልና «ዋጋው በድርድር» የሚል መዝጊያ። ለሰንጋ ይህ ሊበቃ ይችላል፤ ለፈረስ አይበቃም።

ወለል የሌለው ዋጋ

የሰንጋና የግመል ዋጋ ቢወድቅ የሚያርፍበት ወለል አለው። በመንገድ እግሩ የተሰበረ በሬ በቶሎ ከታረደ የተወሰነ ገንዘብ ይመልሳል። ፈረስ ይህ መጠባበቂያ የለውም። በቀጠናው ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ በአብዛኛው የፈረስ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ መራመድ ያቃተው ፈረስ ዋጋው ከባዶ አይሻልም። ገዢ የሚከፍለው ለእግሩ፣ ለጀርባው፣ ለትንፋሹና ለጠባዩ ነው።

ልምድ ያለው ገዢ ማስታወቂያ ሲያነብ በቅድሚያ የሚፈልገው ያልተጻፈውን ነው። ስለ ሰኮናው ካልተነገረ ሰኮናው እንደታመመ፣ ስለ ዕድሜው ካልተነገረ እንዳረጀ ይቆጥርና ዋጋውን በዚያው ልክ ያወርዳል። ጉድለቱን ደብቆ ገዢ ያስመጣ ሻጭም ትርፍ የለውም። ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ ሰው ፈረሱ እንደተባለው ካልሆነ ይመለሳል፤ ወሬው ደግሞ በደላሎች በኩል ከእሱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

ሥራው ይቅደም

ጥሩ ማስታወቂያ ፈረሱ ድንጉላ፣ የተኮላሸ ወይም ባዝራ መሆኑን ተናግሮ ወዲያው ወደ ሥራው ያልፋል። ለኮርቻ የሠለጠነ፣ ጋሪ የሚጎትትና አጋሰስ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ገዢያቸውም የተለያየ ነው። ጋሪ የለመደ ፈረስ ኮርቻ ሲጫንበት ላይቀበል ይችላል። ሶምሶማው የተመሰገነ የኮርቻ ፈረስም ጭነት ላይ ሊያምፅ ይችላል።

የትውልድ ቦታም መጻፍ አለበት። የሰላሌ ፈረስ፣ የባሌ ፈረስ ወይም የሆሮ ፈረስ ሲባል ለሚያውቅ ገዢ ስለ ቁመቱና ስለ ለመደው አየር ብዙ ይናገራል። ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ የሚሉት የመልክ ስሞች ጥቅማቸው ከውበት ይልቅ ለመለያ ነው። በግንባርና በእግር ላይ ያሉ ነጭ ምልክቶች በማስታወቂያው፣ በውሉና በጤና ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ከሰፈሩ በመንገድ ላይ ክርክር አይነሳም።

ዕድሜ ከጥርስ ይነበባል

«ወጣት ፈረስ» የሚል ቃል ለገዢ ምንም አይነግረውም፤ የተከፈተ አፍ ፎቶ ግን ይነግረዋል። የመሃለኞቹ የወተት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ቀጣዮቹ በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ይቀየራሉ። በ5 ዓመት አፉ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች አናት ላይ ያለው ጉድጓድ እየጠፋ ይሄዳል፤ የመሃለኞቹ በ6፣ የቀጣዮቹ በ7፣ የዳሮቹ በ8 ዓመት ገደማ። ከ10 ዓመት ጀምሮ በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ በኩል ጠቆር ያለ መስመር ብቅ ይላል። በ15 ዓመት ግማሹን፣ በ20 ዓመት ሙሉውን ጥርስ ይሸፍናል። መኖውና አፈሩ ጥርሱን ስለሚያፋጥኑት ወይም ስለሚያዘገዩት «ከ6 እስከ 7 ዓመት» ብሎ መጻፍ «ልክ 6 ዓመት» ከማለት ይበልጥ ይታመናል።

ኮርቻ ያወለቀ ፎቶ

በግላስና በኮርቻ ያጌጠ ፈረስ ለበዓል ያምራል፤ ለማስታወቂያ ግን የጀርባ ቁስል ይደብቃል። የሚጠቅመው ኮርቻ ወልቆ፣ በደልዳላ መሬት፣ አራቱም ሰኮናዎች እየታዩ ከሁለቱም ጎን፣ ከፊትና ከኋላ የተነሳ ፎቶ ነው። በጠንካራ መሬት ላይ በእርምጃና በሶምሶማ ወደ ካሜራው ሲመጣና ሲርቅ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሊጨመር ይገባል። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ በታመመው እግር ሲረግጥ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል። ፎቶ ከሌላ ገጽ ሊገለበጥ ስለሚችል ገዢ ፈረሱን በዚያው ቀን በቪዲዮ ጥሪ ለማየት ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ከደጋ ወደ ቆላ

ለድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከበሽታ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በጥቃቅን ነካሽ ትንኞች ይተላለፋል፤ በሽታውን ከማያውቁና ካልተከተቡ ፈረሶች አብዛኞቹን ይገድላል። ክትባቱን ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል፤ ማስታወቂያው ላይ የክትባቱ ቀን መጻፍ አለበት። ሱራም አለ፤ ግመል ለረጅም ጊዜ ተሸክሞት ሊኖር የሚችለው ይህ በሽታ በነካሽ ዝንቦች በኩል ፈረስን ሲይዝ በአጭር ጊዜ ሊገድል ይችላል። የደጋ ፈረስን ከግመል መንጋ ጋር ወደ ቆላ የሚያወርድ ነጋዴ ይህን ሂሳብ ውስጥ ማስገባት አለበት።

በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛው የቆዳ እብጠትና ቁስል፣ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ፣ በቁስል ንክኪ፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይዛመታል። እንደ ሰንሰለት የተደረደረ እብጠት የታየበት ፈረስ ልጓሙም ሆነ የጋሪ ዕቃው ከሌላው ጋር መቀላቀል የለበትም። በአርሲና በባሌ ደጋ የሚታወቀው ዱሪን ደግሞ በግንኙነት ስለሚተላለፍ ለእርባታ የሚገዛ ድንጉላ ወይም ባዝራ ያለ ሐኪም ምርመራ መወሰድ የለበትም።

ወረቀትና ገንዘብ

የተሰረቀ ፈረስ የገዛ ሰው ፈረሱንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል። ሻጩ በሚታወቅበት ቀበሌ፣ በምስክርና በተያዥ ፊት የሚጻፍ ውል ከማንኛውም የስልክ መልእክት ይበልጣል። ሞያሌ፣ መተማ ወይም ቶጎ ውጫሌ ሲደረስ ደግሞ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ጤና ሰርተፍኬት ይጠየቃል፤ ይህን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ክፍያን በተመለከተ፣ የቴሌብር፣ የኤም-ፔሳ ወይም የዛድ መልእክት ቅጂ ገንዘብ አይደለም። ሻጭ የራሱን ሂሳብ ከፍቶ ቀሪውን ሳያይ ፈረሱን አይፈታም፤ ገዢም ፈረሱን ሳያይ ቀብድ አይልክም።

የተሟላ ማስታወቂያ ረጅም መሆን የለበትም። ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ባዝራ፣ ዳማ፣ ግንባሯ ቦራ፣ የኋላ ግራ እግሯ ነጭ። አፏ ሞልቷል፤ ከ6 እስከ 7 ዓመት። ደጋ ተወልዳ ያደገች፤ ሁለት ዓመት ለኮርቻ ሠርታለች፣ ጋሪ አታውቅም። ጀርባዋ ላይ የዳነ የኮርቻ ቁስል ጠባሳ አለ። የጭነት መኪና ድምፅ ትፈራለች። የክትባት ወረቀት አላት። ገዢ ሐኪም ይዞ መምጣት ይችላል።»

ጠባሳውና ፍርሃቷ መጻፋቸው ጥቂት ሰዎችን ከመደወል ያስቀር ይሆናል። የሚደውለው ግን ምን ሊገዛ እንደሚመጣ ያውቃል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው ማስታወቂያም ገዢውን እስከ በር ያደርሰዋል፤ ሽያጩ የሚያልቀው ፈረሱ ራሱ በፊቱ ሲሄድ ነው።