ከአምደወርቅ የተነሡት ጋዜጠኛና ተርጓሚ ማሞ ውድነህ

ዝቋላን በደቡብ በኩል የሚያዋስነው የደሃና ወረዳ ነው። ከወረዳው ከተማ ከአምደወርቅ የተነሡት ጋዜጠኛ፣ ደራሲና ተርጓሚ ማሞ ውድነህ ከ50 በላይ መጻሕፍትን ለአማርኛ አንባቢ አበርክተዋል።

ማሞ የተወለዱት በ1923 ዓ.ም አካባቢ፣ በቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት በዋግ አውራጃ ነው። በልጅነታቸው በጣሊያን ወረራ ወቅት ወላጆቻቸውን አጡ። ጦርነት በቤታቸው ያደረሰውን ያወቁት ገና ሕፃን ሳሉ ነበር። ኋላም በጋዜጠኝነት ሙያ ተሠማሩ፤ በአሥመራ ሠርተዋል፣ ‹ፖሊስና እርምጃው› የተባለውን ጋዜጣም አዘጋጅተዋል።

አንባቢ አብዝቶ የሚያውቃቸው ስለ ጦርነትና ስለ ስለላ በተረጎሟቸው መጻሕፍት ነው። እንግሊዝኛ የማያነበው የከተማና የገጠር ሰው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነትና የመካከለኛው ምሥራቅን ጉዳይ በራሱ ቋንቋ እንዲከታተል አስችለዋል። ‹አሉላ አባ ነጋ›ን የመሳሰሉ የታሪክ ሥራዎችንም ጽፈዋል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት መርተው፣ በየካቲት ወር 2004 ዓ.ም አርፈዋል።

የሥራቸው ምስጢር ከአንድ መጽሐፋቸው ርእስ ይታያል፦ ‹የካይሮው ጆሮ ጠቢ›። ‹ሰላይ› የሚለው ቃል የመንግሥትና የጦር ሠራዊት ቃል ነው። ‹ጆሮ ጠቢ› ግን በየመንደሩ የሚነገር ነው፤ የሰማውን ወስዶ ለባለሥልጣን የሚያደርሰውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል። ጥሩ ተርጓሚ ሐሳቡን ከባዕዱ ቋንቋ ይወስዳል፤ ቃሉን ግን ከሚያነበው ሕዝብ አፍ ይፈልጋል።

ይህ ልማድ ለዋግ ኽምራ ዛሬም ያስፈልጋል። በዞኑ ኽምጣኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ኽምጣኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በክልሉ የሬዲዮ ሥርጭት ይሠራበታል። የግብርና ምክር ግን ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ኽምጣኛ ተሸጋግሮ ነው አርሶ አደሩ ዘንድ የሚደርሰው። በመንገድ ላይ አንድ ቃል ቢዛባ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒቱ ልክ ወይም የፍየሎች ክትባት ጊዜ አብሮ ይዛባል፤ ጉዳቱም በማሳውና በበረቱ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ለባለሙያውም ለተርጓሚውም ቀላል መፈተኛ አለ፤ መልእክቱን የሰማው አርሶ አደር በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲናገረው መጠየቅ ነው። መልሶ የተናገረው ከተባለው ጋር ከገጠመ፣ ትርጉሙ ደርሷል።