ሁለቱ ሌባ ጣቶች

እጆችዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉና ሌባ ጣቶችዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ ሁለቱንም አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያወዛውዟቸው። ቀስ ብለው ይጀምሩና ፍጥነት ይጨምሩ። የሆነ ቦታ ላይ ጣቶቹ ሳያማክሩዎት ስልት ይቀይራሉ፤ አብረው ወደ መሃል ይገባሉ፣ አብረው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ፍጥነቱን ቢቀንሱም በዚያው ይቀጥላሉ።

ይህን ያጠናው ተመራማሪው ስኮት ኬልሶ ነው። ሌዘርን በሒሳብ ያብራራው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኸርማን ሃከን አገዘውና የጋራ ቀመራቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ታተመ። «አሁን ቀይሩ» ብሎ ያዘዘ አለቃ የለም፤ ስልቱ የሚወጣው ክፍሎቹ እርስ በርስ ሲሳሳቡ ነው። በራስ መደራጀት የሚባለው ይኸው ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ከመቀየሩ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው። የእህቴን ልጅ ባስሞከርኳት ጊዜ ጣቶቿ መወላከፍ ሲጀምሩ «እጄ እምቢ አለኝ!» ብላ ልታቆም ነበር። «ቀጥዪ» አልኳት። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገዳገዱና ድንገት በአዲሱ ስልት ገጠሙ። መንገዳገዱ የነባሩ ስልት መያዣ መላላቱን ያሳያል፤ ተመራማሪዎቹም ለክተውታል። ብዙ ሰው ግን ልማዱን ሊቀይር ተነስቶ ልክ እዚህች ቦታ ላይ «አልሆነልኝም» ብሎ ይተወዋል። ያሳዝነኛል።

ፈቃድ ታዲያ ምን ይሠራል? ሰዎች ሆን ብለው ስልት እንዲቀይሩ ሲጠየቁ ቀይረዋል፤ ወደ ጠንካራው ስልት፣ ማለትም አብሮ ወደ መሃልና ወደ ውጭ ወደሚለው፣ መግባት ግን ከእሱ ከመውጣት ይልቅ ፈጣን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ዛኖን የተባለ ተመራማሪና ኬልሶ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ለአምስት ቀን ከሁለቱም የተለየ፣ አንዱ ጣት የዙሩን ሩብ ያህል ወደ ኋላ የሚቀርበት ስልት ተለማመዱ። አዲሱ ስልት ሲጸና አጠገቡ ያሉትን እንቅስቃሴዎች ሳይቀር ወደ ራሱ መሳብ ጀመረ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦ ልምምዱ ሳይጀመር የእያንዳንዱን ሰው ነባር ዝንባሌ አስቀድመው ለክተዋል።

የእኛ የመኪና መንዳት አሠልጣኞች ግን ይህን ቅድመ ልኬት ይዘሉታል። ፍሪሲዮንና ነዳጅ ገና ያላስማማ ተማሪ ግርግር ወዳለበት አደባባይ ይነዳል፤ ከዚያ ይጮኹበታል። ደካማ ስልትን ፍጥነት እንደሚያፈርሰው ጣቶቻችን ይናገራሉ።

ዛሬ ማታ ይሞክሩት። በዝግታ ይጀምሩ፤ ጣቶችዎ ሲንገዳገዱ ደግሞ እንዳያቆሙ።