በጠለፋ ግድብ ላይ የዓሣ መተላለፊያ ደረጃ አሠራር

በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ እየተባለ በሚጠራው የባርበስ ወገን ውስጥ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ በርካታ ዝርያዎች አሉ። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ስለሚለያቸው፣ ዘራቸው ቢጠፋ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካቸው የለም።

ከእነዚህ ቢያንስ 7ቱ ዝርያዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ እየወጡ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። እንቁላላቸውንም ንጹሕ ውሃ በሚወርድባቸው ጠጠራማ ገባሮች ይጥላሉ። የመስኖ ጠለፋ ግድብ መንገዱን ከዘጋው ዓሣው ሳይራባ ይቀራል፤ በግድቡ ግርጌ ሲከማችም በመረብ ይታፈሳል። መስኖው ገበሬውን ሲጠቅም ዓሣ አስጋሪውን እንዳይጎዳ መተላለፊያ ማዘጋጀት ይገባል።

የውሃው ፍጥነት

ከ1 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ውሃ በሴኮንድ 4.4 ሜትር ያህል ይፈጥናል። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዓሣ በሙሉ ጉልበቱ ቢዋኝ በሴኮንድ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ። ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ግን የውሃው ፍጥነት ወደ 2 ሜትር ስለሚወርድ ዓሣው ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ከፍታውን በደረጃ መከፋፈል ያስፈልጋል።

አሠራሩ

1. የእያንዳንዱ ደረጃ ከፍታ ከ20 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ለ2 ሜትር ግድብ 10 ደረጃ ይበቃል።

2. በየደረጃው መካከል ማረፊያ ገንዳ ይሠራ። በሴኮንድ 100 ሊትር ለሚወርድበት ደረጃ እያንዳንዱ ገንዳ ቢያንስ 1.3 ሜትር ኩብ ውሃ ይያዝ። ከዚህ ካነሰ ውሃው ስለሚናወጥ ዓሣው አያርፍም።

3. ዓሣ መንገዱን የሚያገኘው ፍሰቱን ተከትሎ ነው። ስለሆነም የደረጃው መግቢያ ዓሣው በሚከማችበት በግድቡ ግርጌ ይሁን።

4. የላይኛው መውጫ ከመስኖው ቦይ አፍና ውሃው ከሚፈስበት የግድብ አናት ይራቅ፤ አለበለዚያ ያለፈው ዓሣ ተመልሶ ይወሰዳል።

5. በመራቢያው ወራት በደረጃው ላይ ውሃ አይቋረጥ። ወደ ሐይቁ የሚመለሱት ጫጩቶች ወደ እርሻ እንዳይገቡ የቦዩ አፍ በወንፊት ሽቦ ይከለል።

6. ከእያንዳንዱ ደራሽ ውሃ በኋላ ደለሉና ግንዱ ይጠረግ።

ይህ ምክር ለአነስተኛ ግድብ ብቻ ነው። በርብ ወንዝ ላይ እንደተሠራው ላለ ከፍተኛ ግድብ የተለየ ጥናት ያስፈልጋል።

የልማት ሠራተኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዓሣው የሚያልፍበትን ስፍራና ወቅት ከአስጋሪዎች ይጠይቅ፤ ደረጃው በፕላኑ ውስጥ መግባቱንም ያረጋግጥ። ማኅበራትም በደረጃው አጠገብ መረብ እንዳይጣል በጋራ ይጠብቁ።