የተማሪ ጉብኝት በኪዮቶና በናራ
ለትምህርት ወደ ጃፓን ተሻግሮ በኪዮቶ የተቀመጠ ተማሪ አገር ለማየት በተነሣ ጊዜ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ከተማይቱ ራሷ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ794 ዓ.ም. ጀምራ ከሺህ ዓመት በላይ የነገሥታት መናገሻ ሆና የኖረች ናትና፣ ጥንታውያን መካናተ አምልኮ በየማዕዘኑ ይቀበሉታል።

በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የምትበልጠው፣ በባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስባት፣ ከኪዮቶ ቀድማ መዲና የነበረችው ናራ ናት። በዚያም ቶዳይጂ በተባለው ገዳም፣ ቁመቱ 15 ሜትር ያህል የሆነ፣ በ752 የተመረቀ የነሐስ የቡድሃ ምስል አለ፤ ሁለት ጊዜ በጦርነት እሳት የጠፋው አዳራሹ በ1709 እንደ ገና ሲመረቅ ከቀድሞው ጠብቦ ቢሠራም፣ ግርማው እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ከአዕማዱ በአንደኛው እግር ሥር የተፈለፈለ ቀዳዳ ስላለ፣ ሕፃናት በደረታቸው እየተሳቡ ሾልከው ሲያልፉ ወላጆቻቸው በሣቅ ይጠብቋቸዋል። ከደጅ ደግሞ፣ በከተማይቱ ባለው በካሱጋ መቅደስ የሚመለከው አምላክ በነጭ አጋዘን ተቀምጦ መጣ ስለሚባል እንደ ቅዱሳን ሲከበሩ የኖሩት አጋዘኖች፣ ብስኩት ለያዘ እንግዳ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሣሉ፤ የዘገየባቸውን ግን ልብሱን ከመንከስ አይመለሱም!

ከዚህ አልፎ መሄድ ለሚሻና ኪሱ ለሳሳ ተማሪ፣ በትምህርት ዕረፍት ወራት የሚሸጥ፣ በፈጣኑ ሺንካንሰን ሳይሆን በየጣቢያው በሚቆሙት ባቡሮች ቀኑን ሙሉ የሚያሳፍር፣ ሰይሹን 18 የሚባል ርካሽ ትኬት አለ፤ የዕድሜ ገደብ የለበትምና ሽማግሌም ይገዛዋል።